ድንገት የሞተ እንስሳ፦ መመርመር ወይስ መቅበር?

(በፋካልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ከቀረበው ገለጻ በድምፅ ተቀርጾ የተጻፈ)



የዛሬውን ርእስ ያመጣልኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቹ፣ ወደ አምበር የሄደ ተማሪዬ በጠዋት ደወለና፣ «ዶክተር፣ የታናሽ እኅቴ ጥንቸል ሞታ አደረች። ማታ ጎመኗን በልታ ደኅና ነበረች። እናስመርምራት ወይስ እንቅበራት?» አለኝ። ከበስተጀርባው እናቱ፣ «ለጥንቸል ደግሞ ምን ምርመራ አላት!» ሲሉ ይሰማኛል። (ሳቅ)

የእናቲቱን ቃል በንቀት አላየሁትም። ምርመራ ገንዘብ፣ ጊዜና ባለሙያ ይፈልጋል። ከአምበር ተነሥቶ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ መሄድ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋም ደግሞ ከዓባይ ማዶ ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ «የሞቱ መንስኤ አልታወቀም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ በእንስሳት ሕክምና ይህ መልስ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ሞት ይመርመር የሚል ሰው ምክሩ የሚፈጸም አይደለም።

እኔ ውሳኔውን የምጀምረው በሕይወት ካሉት ነው። በዚያው ጣሪያ ሥር ማን ያድራል? ያንኑ መኖ ማን በላ? ሬሳውን ማን ነካ? ቀጥሎ የምጠይቀው፣ መልሱ ቢገኝ ነገ የምናደርገውን ይለውጠዋል ወይ የሚለውን ነው። የመንደሩ ዶሮዎች አንገታቸው እየተጠማዘዘ በሁለት በሦስት ቀን ቢያልቁ፣ ገበሬው ራሱ «ፈንግል ነው» ይላል፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ነው። ክትባቱ ስለሚታወቅ የእያንዳንዷን ዶሮ ሬሳ ላቦራቶሪ መላክ ብዙም አይጨምርልንም።

በበሬ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአነደድም ሆነ በመላው የጎጃም ደጋ ማታ ደኅና ገብቶ ጠዋት የተዘረረ በሬ ሲገኝ ሁለት ስሞች ይነሣሉ፤ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ «እንመርምር» ማለት «እንክፈተው» ማለት አለመሆኑን ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ባልተከፈተ ሬሳ ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያጣና መበስበሱም ስለሚያሸንፈው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሬሳው ሲከፈት ግን ደሙ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ባክቴሪያውም ወደ ስፖር ይለወጣል። ስፖር ደግሞ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ዛሬ የተከፈተ አንድ በሬ ገና ላልተወለዱ ጥጆች በሽታ ትቶ ያልፋል።

ስለዚህ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የወጣ፣ ቶሎ የተነፋና እንደ ሌላው ሬሳ ያልደረቀ እንስሳ ስታዩ ቢላዋ አታንሡ። ከጆሮው ደም ሥር በጥንቃቄ የተወሰደ አንድ ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ በሜቲሊን ብሉ ሲቀለምና በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ሮዝማ ሽፋን የከበባቸው ሰማያዊ ዘንጎች ከታዩ ጉዳዩ አለቀ። ይህ ዘዴ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ሬሳው ቆዳው ሳይገፈፍ ይቃጠላል፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ሜትር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀበራል፤ የቀሩት ከብቶችም ይከተባሉ።

ሕዝባችን በክት አይበላም። ይህ ሥርዓት ስንት ሰው እንዳዳነ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። በሬው ሲንቀጠቀጥ፣ ላሟ ስትወድቅ፣ «በክት ሳትሆን ቢላዋ ይድረስላት» ይባላል። ከሞት ቀድሞ የታረደ ነውና ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ይቆጠራል፤ ለጎረቤት በመደብ ይካፈላል፤ ቆዳውም ይሸጣል። ከቀናት በኋላ በአራጁ ወይም በገፋፊው እጅ ላይ የማያም፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ይወጣል። ባለቤቱን ለመውቀስ አልቸኩልም። የአንድ በሬ ዋጋ የዓመት እርሻ ነው፤ ጥማድ የጎደለበት ሰው የሚያስበው ስለ ስፖር አይደለም። የእኛ ሙያ ጥያቄውን ይዞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሥጋው ከተካፈለ በኋላ መሆኑ ግን ሊያሳስበን ይገባል።

ለአንድ ሞት ቸል ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ አገራችን ታውቃለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው፣ በኋላ «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ (ስሙ ግራ ያጋባል) አብዛኛውን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን ያልነውን ረሀብ አባባሰ። ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተደከመው በክትባት ብቻ አልነበረም፤ አጠራጣሪ ሕመምና ሞት በየቦታው እየተመረመረ «ይህ ደስታ አይደለም» የሚል መልስ ሲሰበሰብ ነበር። «አይደለም» የሚለው ውጤት እንደ ባከነ ገንዘብ በሚታይበት ዘመን ይህን ማስታወስ እወዳለሁ።

ወደ ጥንቸሏ ልመለስ። ጥንቸል ድንገት ልትሞት የምትችልባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የአንጀት መቆም፣ ኮክሲዲያ፣ የሳንባ ምች፣ ሙቀት፣ ውሻ ያስከተለው ድንጋጤ፣ መርዝ። በ1984 እ.ኤ.አ. በቻይና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ጉበትን የሚያጠፋው የጥንቸል ደም አፍሳሽ ቫይረስም አለ፤ ይህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ብዙ ጥንቸል ለሚያረባ ሰው አንዷ እንኳ እንዲህ ብትሞት መመርመር ግድ ነው። ምርመራ ከታሰበ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የጥንቸል ሆድ ውስጥ ያለው መኖ መፍላቱን ስለማያቆምና ፀጉሯም ሙቀት ስለሚይዝ ሬሳዋ ቶሎ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ ተጠቅልላ በማቀዝቀዣ ትቀመጥ፤ በረዶ ግን አትሁን፤ የበረዶው ቅንጣት የአካሏን ሕዋሳት ይሰባብራልና። ከሃያ አራት ሰዓት ያለፈ ሬሳ ከሚናገረው የሚደብቀው ይበልጣል።

ተማሪዬን የጠየቅሁት ግን ስለዚህ ሁሉ አልነበረም። «ጎመኑ ከየት መጣ?» አልሁት። ከገበያ የመጣ ነው፤ እናቱ የውጭውን ቅጠል ልጠው ለጥንቸሏ ሰጥተዋታል። «የተረፈውስ?» ዝም አለ። የተረፈው ለሁለት በጎች ተጥሎ ነበር፤ ውስጡ ደግሞ ለምሳ ሊቀቀል ተዘጋጅቷል። ጎመን ላይ የተባይ መድኃኒት እስከ መከር ዋዜማ የሚረጭ አምራች እንዳለ እናውቃለን። ጥንቸልም ማስመለስ አትችልም፤ የገባው መርዝ እዚያው ይቀራል። «ስትሞት ምራቋ በዝቶ ነበር? አፏ ርሷል?» አልሁት። ሄዶ አይቶ፣ «አገጯ ርጥብ ነው» አለኝ።

ይህ ማስረጃ አይደለም። የጨጓራዋን ይዘት የሚመረምር ላቦራቶሪ እንኳ የትኛውን ኬሚካል እንደሚፈልግ ካልነገሩት በከንቱ ይደክማል፤ የሻጩንም ማሳ አናውቀውም። ጥንቸሏ እንድትቀበር ተስማማሁ፤ በባዶ እጅ እንዳይነኳት፣ ጎመኑም እንዲጣል፣ በጎቹ እስከ ማግስቱ እንዲጠበቁ ነገርሁት። በጎቹ አልታመሙም፤ ይህም ጎመኑን ነፃ አያወጣውም፣ አይፈርድበትምም።

በማግስቱ ትንሿ ልጅ ራሷ ስልኩን ተቀብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «እኔ ነኝ የገደልኋት?» አስመርምረን ቢሆን ኖሮ የተሻለ መልስ እሰጣት ነበር። አላስመረመርንምና «አላውቅም፤ አንቺ ግን የሰጠሻት የምትወደውን ነው» አልኋት። እናቲቱም ስልኩን ተቀብለው፣ «ዶክተር፣ ለሁለት በግ ስንል እንኳ ብናስመረምር ይሻል ነበር መሰለኝ» አሉኝ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።