ዘንዶውና ሃያው ዶላር

ካርታ ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና ፈጥኖ የሚመጣው ቁማር ነው፤ ካልሆነም ሥራ ፈት የሚያመሽበት ኮንከር ነው። ዛሬ የማወሳው የካርድ ጨዋታ ግን ፈልሳፊው የሒሳብ ምሁር፣ ካርዶቹም እንደ ቴምብር የሚሰበሰቡና የሚለዋወጡ ናቸው። ስሙ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈውን ይህን ጨዋታ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ በ1993 ለገበያ አቀረበው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከተራው ካርታ የሚለየውም ተጫዋቾቹ ሁሉ ከአንድ ክምር የማይካፈሉ በመሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ሰው በሺህ ከሚቈጠሩት ካርዶች መካከል መርጦ ያሰናዳውን የራሱን ጥቅል ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ካርድ በገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ባለጠጋው ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ነውን? ጋርፊልድ ሲጀምር ያሰበው ሰው ሁሉ አንድ ጥቅልና ጥቂት እሽጎች ገዝቶ ከጓደኞቹ ጋር ይለዋወጣል ብሎ ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰበው አልቀረም፤ ብላክ ሎተስ የተባለች የመጀመሪያው እትም አንዲት ካርድ በ2021 በጨረታ 511,100 ዶላር ተሸጣለች። በዚህ ዋጋ ሰው ቤት ይሠራል።

ደግነቱ ለምሽት ጨዋታ ብላክ ሎተስ አታስፈልግም፤ ዛሬ እጅግ በተወደደው ኮማንደር በተባለው አጨዋወትማ ጨርሶ የተከለከለች ናት። በኮማንደር አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱም 40 የሕይወት ነጥብ ይሰጠዋል። ጥቅሉ ልክ 100 ካርድ ነው፤ ከመሠረታዊዎቹ መሬቶች በቀርም አንድ ዓይነት ካርድ ሁለት ጊዜ አይገባም። ከመቶው አንዱ አዛዥ ተብሎ ለብቻው በግልጽ ይቀመጣል። ከአንድ አዛዥ 21 ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ የቀረው ነጥብ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ከጨዋታው ይወጣል።

ኩባንያው ከ2011 ጀምሮ ለዚህ አጨዋወት ተሰናድተው ያለቁ፣ ከሳጥን ወጥተው ወዲያው የሚያጫውቱ ጥቅሎችን ይሸጣል። ብዙዎቹ በአሜሪካ ሱቆች ከ40 እስከ 50 ዶላር ያወጣሉ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ሆኖም ከሦስት አራት ምሽት በኋላ ጥቅሉ ዳተኛ መሆኑ ይሰማውና «ምን ልጨምርበት?» ማለት ይጀምራል። ኪሱ የሚራቈተውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በ2022 መጨረሻ ለጀማሪዎች ከወጡት አምስት ጥቅሎች አንዱ ድራኮኒክ ዲስትራክሽን ይባላል፤ የቀይና የአረንጓዴ ቀለም የዘንዶዎች ጥቅል ነው። አዛዡ አታርካ የተባለች ዘንዶ ናት። ጕልበቷ 6 ነው፤ ከእርስዋ ወገን የሚያጠቃ ዘንዶ ሁሉ እጥፍ እንዲመታ ታደርጋለች፤ ራስዋም ዘንዶ ስለ ሆነች በአንድ ጥቃት 12 ጉዳት ታደርሳለች። ሁለት ጊዜ ያገኘችው ሰው 24 ደርሶበት ከጨዋታው ተሰናበተ ማለት ነው። ይህን ያየ ጀማሪ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደማያይ በሬ ሌላ ትልቅ ዘንዶ፣ ከዚያም የሚበልጥ ሌላ ዘንዶ ሊገዛ ይሮጣል።

ገደሉ ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነው። አታርካን ለማውጣት ማና የተባለው ኀይል ሰባት ያስፈልጋል፤ አንድ መሬት በአንድ ተራ የሚሰጠው ማና አንድ ነው፤ በአንድ ተራ ከእጅ የሚወርደውም መሬት አንድ ብቻ ነው። ከአዛዡ ሌላ ካሉት 99 ካርዶች 37ቱ መሬት ናቸው እንበል። ተጫዋቹ ሰባት ካርድ ይዞ ይነሣል፤ በየተራው አንድ ይስባል፤ በሰባተኛው ተራው 14 ካርድ አይቷል። ከእነዚህ መካከል በአማካይ መሬት የሚሆኑት አምስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አታርካ ሰባተኛው ተራ ላይ እንኳ ተቀምጣ ታያለች፤ በውድ የተገዙት ሌሎቹ ዘንዶዎችም በእጅ ውስጥ ያንቀላፋሉ።

የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት እንግዲህ በማያብረቀርቁት ካርዶች ላይ ነው። ራምፓንት ግሮውዝ፣ ፋርሲክ፣ ናቸርስ ሎር የተባሉት እያንዳንዳቸው በሁለት ማና ከጥቅሉ ውስጥ መሬት ፈልገው ጠረጴዛው ላይ ያወርዳሉ። ካልቲቬት ደግሞ በሦስት ማና አንዱን መሬት ያወርድና ሌላውን በእጅ ያስይዛል። በሁለተኛው ተራ ራምፓንት ግሮውዝን፣ በሦስተኛው ካልቲቬትን የተጫወተ ሰው፣ በየተራው ከእጁም መሬት ካወረደ፣ በአምስተኛው ተራው ሰባት መሬት ይኖረዋል። አታርካ ሁለት ተራ ቀድማ ተነሣች ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ካርድ ስንት ይግባ? አምስት ብቻ ከገባ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች መካከል ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል ከመቶ 31 ነው። ወደ አሥር ከፍ ቢል ዕድሉ ከመቶ 54 ይሆናል። ከዕድለ ቢስነት ወደ ሚዛን የሚያሻግሩት እነዚህ አምስት ካርዶች ተደምረው የአንድ ስመ ጥር ዘንዶ ዋጋ ላይደርሱ ይችላሉ! ሆኖም ከመግዛት አስቀድሞ የጥቅሉን ዝርዝር ማየት ነው፤ አንዳንዶቹ ቀድሞውኑ በውስጡ ካሉ ሁለተኛው ቅጂ ገንዘብ መጣል ነው። በአንድ ማና ወጥታ በየተራው ሁለት የምትመልሰው ሶል ሪንግ ለምሳሌ ከእነዚህ ጥቅሎች አትጠፋም ማለት ይቻላል።

መሬት ከተስተካከለ በኋላ የሚያስፈልገው እጅ ባዶ እንዳይሆን ነው። ሃርሞናይዝ በአራት ማና ሦስት ካርድ ያስባል። ጋሩክስ አፕራይዚንግ ደግሞ ጕልበቱ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍጡር ከእርስዎ ወገን በወጣ ቍጥር አንድ ካርድ ያስባል፤ ለዘንዶ ጥቅል የተሰፋ ልብስ ይመስላል። የባላጋራን አደገኛ ካርድ ለማጥፋት ቢስት ዊዝንና ኬኦስ ዎርፕ ይበቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ ብዙዎቹ ደጋግመው ስለ ታተሙ ከሁለት ዶላር ባነሰ ዋጋ የሚገኙ ናቸው።

ከመጨመር ይልቅ የሚከብደው ማውጣቱ ነው፤ ጥቅሉ ከ100 ማለፍ አይፈቀድለትምና አንድ በገባ ቍጥር አንድ መውጣት አለበት። ፋብሪካ ያሰናዳው ጥቅል ብዙ ጊዜ ሁለት ሐሳብ ይዞ ይወጣል፤ አዛዡን የማይረዳው ሁለተኛው ሐሳብ ይውጣ። ቀድሞ ለሚያሸንፍ ሰው ብቻ የሚጠቅመውም ይከተለው። ሲወርዱ ደክመው ለአንድ ተራ ማና የማይሰጡ መሬቶች ሲበዙም ጥቂቱን በመሠረታዊ መሬት መተካት ነው፤ ይህ ከምንም አይቈጠርም፤ መሠረታዊ መሬት በሱቅ ውስጥ እንደ ጨው ርካሽ ነው።

ስለ አገዛዙም አንድ ነገር ልበል። የታሸገው እሽግ 14 ካርድ ይዞ በውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ይሸጣል፤ ለመዝናኛ ከሆነ ይሁን፤ አንድ የታወቀ ካርድ ፈልጎ እሽግ የሚከፍት ሰው ግን ሎተሪ ቈራጭ ነው። ካርዱን በስሙ፣ በነጠላ መግዛት ይሻላል። ጠርዙ ጥቂት የተፋተገው ከአዲሱ ይረክሳል፤ ሲጫወቱበትም አንድ ነው። ከአምስት ሻጭ አምስት ካርድ ከማዘዝ ሁሉን ከአንድ ሻጭ ማዘዝ ይበጃል፤ አለዚያ የፖስታ ሒሳቡ ከካርዱ ይበልጣል። አዲስ የወጣን ካርድም በመጀመሪያው ሳምንት መግዛት አይገባም። ተፈላጊነቱ ሲበርድ፣ ይልቁንም በሌላ ጥቅል እንደገና ሲታተም ዋጋው ይወድቃል። ኩባንያው በ1996 ዳግመኛ እንደማያትማቸው ቃል የገባላቸው አሮጌ ካርዶች ግን አይረክሱምና ከናካቴው መርሳት ነው።

ሃያ ዶላር ለምን? ሠላሳ ወይም አሥራ አምስት ቢሆን አልከራከርም። ወሰኑ ግን የአራቱም ቢሆን ደግ ነው። ከአራቱ አንዱ በጥቅሉ ላይ ሁለት መቶ ዶላር ቢጨምር ሁለቱ ሊከተሉት ይገደዳሉ፤ አራተኛው፣ ምናልባት ተማሪ የሆነው ወይም ቤተ ሰብ የሚረዳው፣ ምክንያት ፈጥሮ ይቀራል። ለምን እንደ ቀረም አይናገርም። እኔ አንድ ጠረጴዛ በዚህ መንገድ ከሚፈርስ ዘንዶዎቹ ሁሉ ቢዘገዩ እመርጣለሁ። ወሰኑን ከግዢው በፊት በግልጽ መነጋገር አያሳፍርም፤ ባልደረቦቹ ከተስማሙም ገና ያልተገዛውን ካርድ ስም በቍራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ከአሮጌ ካርድ ላይ ደርቦ፣ መሞከር ይቻላል። ያልሠራው ሳይገዛ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ያህል ካርድ ቀይሮ፣ የወጡትን በአንድ ፖስታ ውስጥ አኑሮ፣ ቢያንስ አምስት ጊዜ ምንም ሳይነኩ መጫወት ነው። በእጅ ገብቶ ሳይወርድ የቀረውን ካርድ ስም በየምሽቱ መጻፍ፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈው በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ከፖስታው ውስጥ ደግሞ «ምነው በኖረ» የተባለለት ካርድ ቢገኝ፣ ያለ ምንም ወጪ ወደ ቦታው ይመለሳል።