ፍየል በረረ!

«ዛሬ ምን ተማርሽ?»
«ተጫወትን።»

ነቀምቴም ይሁን ጊምቢ፣ ልጁን ከኬጂ የሚቀበል ወላጅ ይህን መልስ ሲሰማ ፊቱ ቅጭም ይላል። ደብተሩን ይገልጣል፤ ቁቤ ያልሰፈረበት ነጭ ገጽ ካገኘ «ታዲያ የምከፍለው ለጨዋታ ነው?» ይላል። እስቲ ያንን ጨዋታ እንደ ቆየ ሬዲዮ ከፍተን ውስጡን እንየው።

«እርግብ በረረ»ን እንውሰድ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ጣታቸውን መሬት ላይ ያሳርፋሉ። መምህርቷ «እርግብ በረረ!» ስትል ጣት ሁሉ ወደ ላይ። «ቁራ በረረ!» አሁንም ወደ ላይ። ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ፣ እንዲያውም ፈጠን አድርጋ፣ «ፍየል በረረ!» ያነሳ ይወጣል። በኦሮምኛ በሚማር ክፍል እርግቧ ጉጌ፣ ፍየሏ ሬኤ ትሆናለች እንጂ ወጥመዱ ያው ነው።

የአራት ዓመቷ ልጅ በዚያች ቅጽበት ሦስት ሥራ አለባት፤ ሕጉን ማስታወስ፣ ስሙን ለይቶ መስማት፣ መነሳት የጀመረውን ጣት መያዝ። ከባዱ ሦስተኛው ነው። ይህን የሚያዝዘው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ከሌሎቹ ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እንኳ ሥራው አያልቅም። በአራት ዓመት ገና ልል ፍሬን ነው። ጓደኛዋ የቆርኪ ክምሯን ሲነጥቃት ለጥፊ የሚነሳውን እጅ የሚይዘውም ይኸው ፍሬን ነው። ሳይያዝ የሚቀርበት ቀንም ብዙ ነው።

ኩኩሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይሠራል። የሦስት ዓመት ልጅ ሲደበቅ አይታችኋል? ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና «አታየኝም» ብሎ መሀል ሜዳ ይቆማል። እሱ ካላየ ሌላውም አያይም። በ1983 እ.ኤ.አ. ቪመርና ፔርነር የተባሉ ተመራማሪዎች ለትንንሽ ልጆች አንድ ታሪክ ነገሩ። ልጁ ቸኮሌቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱ ሳያይ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውረዋለች። ሲመለስ የት ይፈልጋል? የሦስት ዓመት ልጆች ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ያሳያሉ። ሌላ ሰው እኔ የማውቀውን ላያውቅ ይችላል የሚለው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ በአራትና በአምስት ዓመት መካከል ይመጣል። ኩኩሉ የዚህ ልምምድ ነው፤ ጥሩ ተደባቂ በፈላጊው ዓይን የሚያይ ነውና።

ጠቡም ከትምህርቱ ይቆጠራል። ሁለት ልጆች አንዲት ኳስ ይዘው ሲጓተቱ ሮጦ ኳሷን የሚቀማ አስተማሪ ሰላም ያወርዳል፣ ትምህርቱን ግን ይዞት ይሄዳል። እስኪማቱ መጠበቅም አይገባም። ጠጋ ብሎ «እሷ ምን ፈለገች? አንተስ?» ብሎ ቃሉን ማዋስ ይበቃል። ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው፣ ልጅ በሚበዛበት ኦ ክፍል ይህ ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ነው በኅብረት «ሀ» ማስባሉ የሚያጓጓው። ኦ ክፍልን ያስፋፋው የ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ፖሊሲ ማዕቀፍ «ከልጅ ለልጅ» የሚባለውንም መንገድ አካትቷል፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቹን ያጫውታሉ። ታላቅ እህት ቤት ውስጥ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ነው።

ነቀምቴና ጊምቢ ያሉባት ወለጋ ጨዋታን ከትምህርት በማጣመር እንግዳ አይደለችም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ ከሕዝቡ አፍ የተለቀመ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር የያዘ ነበር፤ አስቴር ብዙውን ከራሷ ትዝታ አውጥታዋለች። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ አስተማሩ። ሳስበው፣ ልጅ የሚያውቀውን ጨዋታ ይዞ ወደ ፊደል መግባት እዚህ የቆየ ብልሃት ነው። በእንቆቅልሽም ቢሆን ጠያቂው ይጠብቃል፣ መላሹ ያስባል፣ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ተራ መጠበቅና ሳያለቅሱ መሸነፍ በአንድ ጨዋታ።

ስለዚህ ማታ ደብተሩን ትታችሁ «ዛሬ ማን ወጣ? ከማን ጋር ተጣላሽ? ማን አስታረቃችሁ?» በሏት። ከዚያ እሷ መሪ ትሁን፤ ጣታችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ። «በሬ በረረ!» ስትል መጀመሪያ የሚወጣው አባት ነው።