የመምህሩ ድምፅ በታክሲ ውስጥ

ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም በአዲስ አበባ ደቡብ የሚኖር ሰው ሁሉ በቀን ደጋግሞ ይጠራዋል፤ ትርጉሙን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የቀደሙት ሰዎች ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን ከአገር ወደ አገር የሚያደርሰውን ቴሌግራፍ «የነፋስ ስልክ» ይሉት ነበር፤ ሠፈሩም ስሙን ከዚያ ወረሰ። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚጓዝ ታክሲ ውስጥ፣ ከቢሮ ወጥቶ ወደ ማታ ትምህርቱ የሚሄድ ወጣት ማዳመጫውን በጆሮው ሰክቶ የመምህሩን ድምፅ ሲሰማ ብናይ፣ ነፋስ ስልክ እንደገና ሥራ ጀመረ ማለት ይቻላል።

ይህ ዘዴ «ፖድካስት» ይባላል። ይኸውም በድምፅ ተቀርጾ በተከታታይ የሚወጣ፣ አድማጩም በስልኩ አውርዶ በፈቀደው ሰዓት የሚከፍተው ዝግጅት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባውም ዛሬ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1996 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ «አይፖድ» የተባለውን ማዳመጫ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ሁሉ አድሏል። በአገራችንም የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ጽሑፍና ድምፅ በቴሌግራም ለተማሪዎቻቸው የላኩ መምህራን ነበሩ።

ሆኖም ግን በአዲስ ነገር ከመደሰታችን በፊት ያለፈውን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ተተከለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በየክፍሉ ይታይ ነበር። የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ማግኘቱ መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም። እንግሊዝኛው ያመለጠው ልጅ ከደብተሩ ቀና ሲል ትምህርቱ አልፎት ሄዷል። የክፍሉም መምህር መሣሪያ ከፋችና ዘጊ ሆንሁ እያለ ያዝን ነበር።

ፖድካስት ከዚህ የሚለይበት ዋና ነገር መቆም መቻሉ ነው። እኛም በተማሪነታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን፣ በእንግሊዝኛ የሚፈስሰውን ንግግር እየተሻማን ስንጽፍ፣ ማታ ደብተራችንን ስንገልጥ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያገኘንበት ቀን ብዙ ነው። እጅ አውጥቶ መጠየቅም ያሳፍራል። የተቀረጸ ድምፅ ግን አሥር ጊዜ ቢያስደግሙት አይቆጣም፤ የሚስቅ ጓደኛም የለበትም። ዓይነ ሥውር ለሆነው ተማሪም ሌላ አንባቢ ከመጠበቅ ያድነዋል። ወጪውም ቀላል ነው፤ የአንድ ሰዓት ንግግር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ቢቀረጽ 29 ሜጋባይት ያህል ቢሆን ነው፤ ቪዲዮ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይበላል።

ታዲያ አደጋው የት ላይ ነው? መምህሩ ድምፁን ልኮ ራሱ የቀረ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ከሆነ ፕላዝማውን ከግድግዳ አውርደን በኪሳችን ከተትነው እንጂ ምንም አልተሻሻልንም። ስለዚህ በበኩላችን የምንመክረው ይህን ነው። መምህሩ የሁለት ሰዓቱን ንግግር እንዳለ ከመቅረጽ ይልቅ አንዱን ከባድ ሐሳብ ብቻ መርጦ በአሥራ አምስት ደቂቃ ያስረዳ። አዳዲሶቹን ቃላት ከነትርጉማቸው በጽሑፍ ያያይዝ፤ መስማት ለተሳነው ተማሪም ንግግሩ በሙሉ ተጽፎ ይሰጠው። ክፍል ውስጥ የሚገናኙበትን ሰዓት ደግሞ ለጥያቄና ለክርክር ይተወው።

ተማሪውም ድርሻ አለበት። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና፣ ከታክሲው ሲወርድ ከሰማው ውስጥ ያልገባውን አንድ ነገር በማስታወሻው ይጻፍ፤ ያንንም ይዞ መምህሩ ፊት ይቁም። የቀድሞው ነፋስ ስልክ ቃል ወስዶ ቃል ይመልስ ነበር። የዛሬውም ትምህርት የሚሆነው መልሱ ሲመጣ ነው።