ሄፓታይተስ ሲ ቲ ሴሎችን የሚያደክመው እንዴት ነው?

በጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ከባድ መኪናዎች ተራ ይጠብቃሉ። ከአሽከርካሪዎቹም ሆነ በከተማዋ ከሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የጉበት ሕመምን የሚያውቁት «የወፍ በሽታ» በሚለው ስም ነው፤ ዓይን ቢጫ ካልሆነ ጉበት ጤነኛ ይመስላቸዋል። ሄፓታይተስ ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ጉበት ውስጥ ይኖራል። ይህን የሚችለው በሽታ ተከላካይ የሆኑትን ቲ ሴሎች ስለሚያደክም ነው።

ቲ ሴሎች ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ናቸው። ረዳቶቹ፣ ሲዲ 4 የሚባሉት፣ ሌሎቹን ያነቃቃሉ። ገዳዮቹ፣ ሲዲ 8 የሚባሉት፣ ቫይረሱ የገባባቸውን የጉበት ሴሎች ለይተው ያጠፋሉ። ሁለቱም በብርታት ከዘለቁ ሰውነት ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ያስወግዳል፤ ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ በ6 ወር ውስጥ በዚህ መንገድ ይድናሉ።

በቀሩት ላይ ቫይረሱ በሁለት መንገድ ያይላል። አንደኛ፣ ራሱን ሲያባዛ ብዙ ስሕተት ስለሚሠራ መልኩ ይለዋወጣል፤ ትናንት የለዩት ቲ ሴሎች ዛሬ ይስቱታል። ሁለተኛ፣ ረዳቶቹ ቀድመው ይዳከማሉ፤ ገዳዮቹም ቫይረሱ ሳይጠፋ ሲቆይ ይዝላሉ። ፒዲ 1 የተባለው ፕሮቲን በላያቸው ላይ ይበዛል። ሥራውም እንደ ፍሬን ነው፤ ሴሉ ጠላቱን እያየ እንኳ በሙሉ ኃይሉ እንዳይሄድበት ይይዘዋል።

የዛሉት ሴሎች ግን ፈጽሞ ሥራ አያቆሙም። ቫይረሱን ሳያጠፉ ጉበትን ማስቆጣታቸው ይቀጥላል፤ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል። ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ከ100 ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ የጉበት መጠንከር ይገጥማቸዋል፤ ይህም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል።

ደስ የሚለው፣ በሽታው ይድናል። ብዙውን ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ እንክብል የቫይረሱን መራባት ያስቆማል፤ ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ ይድናሉ። ከጅቡቲ ጋር ቀይ ባሕርን የምትጋራው ግብፅ ሚሊዮኖችን መርምራ በማከሟ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ሰጥቷታል። ከዳኑ በኋላ ቲ ሴሎች የሚያገግሙት ግን በከፊል ነው፤ ክትባትም የለም፤ ስለዚህ ሰው ዳግም ሊያዝ ይችላል።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም ነው፤ አብሮ መብላትና መጨባበጥ አያስተላልፉም። ምላጭ አትዋሱ፤ መርፌ ስትወጉ አዲስ መሆኑን አረጋግጡ። የመጀመሪያው የደም ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን አግኝቶት እንደሚያውቅ ብቻ ነው፤ አሁንም መኖሩን የሚያረጋግጠው የአር ኤን ኤ ምርመራ ነው። ዓይናችሁ ቢጫ እስኪሆን አትጠብቁ፤ ጉበታችሁ ጠባሳ ሳይዝ ተመርመሩ።