ስለ ጠመንጃ ሰደፍ የጉንጭ ማሳረፊያ

ጠመንጃ በእጅ ይያዛል፤ በትከሻ ይደገፋል፤ የሚያነጣጥረው ግን ዓይን ነው። ይህን ዓይን በቦታው የሚያቆመው ጉንጭ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ይህ አጭር ጽሑፍ በእንጨት ሰደፍ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል የጉንጭ ማሳረፊያ ለምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሡኝ አጎቴ ናቸው። እርሳቸው በፈቃድ በያዙት አሮጌ ጠመንጃ ማሳቸውን ከከርከሮ ሲጠብቁ ኖረዋል። ዕድሜያቸው ሲገፋ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ጫፍ ደበዘዘባቸው። ሰው ሲያረጅ የዓይኑ ሌንስ ስለሚጠጥር በቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት ይሳነዋል። ስለዚህ በጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ተተከለላቸው። ነገር ግን «በመስተዋቱ ውስጥ ጥቁር ጨረቃ ትገባብኛለች» ይሉ ጀመር፤ ጥይቱም ይስታቸው ነበር። ቤተ ሰቡ ዓይናቸው ጠፋ ብሎ ፈረደ። እርሳቸውም ፍርዱን ተቀብለው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ሀ) ምክንያቱ

ጥፋቱ የዓይናቸው አልነበረም። የቀድሞ ጠመንጃዎች ሰደፍ የተጠረበው በአፈሙዙ ላይ ዝቅ ብሎ ለተተከለ የብረት ማነጣጠሪያ ነው። መነጽር ሲጨመር የማያው መሥመር በጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ እንጨቱ ግን በነበረበት ይቀራል። ተኳሹም መነጽሩን ለማግኘት ጉንጩን ከእንጨቱ ያነሣና በአገጩ ብቻ ይደገፋል፤ ወይም አንገቱን አንጠልጥሎ ይቆያል። አንገት ሲደክም ራስ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይንም ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ አይውልም።

ከመነጽሩ የሚወጣው ብርሃን ጠባብ ስለ ሆነ፥ ዓይን ከመካከሉ ሲወጣ ከብርሃኑ ከፊሉ ይቀርበታል። አጎቴ ጥቁር ጨረቃ ያሏት ይህች ጥላ ናት። ጥላው ባይታይም እንኳ፥ ዒላማው መነጽሩ በተስተካከለበት ርቀት ላይ ካልሆነ፥ ዓይን በተንቀሳቀሰ ቍጥር መስቀሉ በዒላማው ላይ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

በብረት ማነጣጠሪያም ቢሆን ስሕተቱ ቀላል አይደለም። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 60 ሳንቲሜትር ቢኖር፥ የ1 ሚሊሜትር መዛነፍ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 17 ሳንቲሜትር ያህል ያስታል።

ጉድለቱን ሠራዊቶችም አውቀውት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች መነጽር በተተከለበት ሊ ኤንፊልድ ቍጥር 4 ጠመንጃ ሰደፍ ላይ የእንጨት ማሳረፊያ በብሎን ያስሩ ነበር። አሜሪካኖችም በኤም 1 ጋራንድ ላይ መነጽር ሲተክሉ በሰደፉ ላይ የቆዳ ትራስ በክር አሰሩ። ሁለቱም ጠቃሚዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የሰው ፊት ልዩ ልዩ ሲሆን የማሳረፊያው ቁመት አንድ ብቻ ነበር።

ለ) ልኩን ስለ ማግኘት

ከሁሉ አስቀድሞ በጠመንጃው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ይገባል። ከዚያ ተኳሹ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያደርጋል፤ ጉንጩንም ሳይጨነቅ በእንጨቱ ላይ ያሳርፋል። ዓይኑን ሲገልጥ በመነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ካላየ፥ በሰደፉ ጀርባ ላይ ካርቶን እየተደራረበ ሙሉው ክብ እስኪታይ ድረስ ይሞከራል። የካርቶኑ ውፍረት የሚፈለገው ከፍታ ነው።

ሐ) አሠራሩ

1ኛ) ብረቱ ከእንጨቱ ተነቅሎ ከመቀመጡ በፊት፥ ጥይት የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ የሚደርስበት ቦታ በእንጨቱ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ማሳረፊያው ከዚህ ምልክት አልፎ ወደ ፊት ከመጣ፥ ከፍ ሲል ብረቱን ያግደዋል።

2ኛ) ሰደፉ በሞርሳ ይታሰራል፤ ሞርሳው እንዳያቆስለው በቆዳ ይሸፈናል። ከዚያ በቋሚ ትራፓኖ ከላይ ወደ ታች ሁለት ቀዳዳዎች ይበሳሉ። መብሳቱ ከመጋዙ የሚቀድምበት ምክንያት አለው፤ ቀዳዳዎቹ በሚቆረጠውም በሚቀረውም እንጨት ላይ ያለ ጥርጥር ይገጥማሉ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ትይዩ ካልሆኑ ግን ማሳረፊያው ይነክሳል እንጂ አይንሸራተትም።

3ኛ) በቀጭን መጋዝ ከፊትና ከኋላ ቁልቁል፥ ከሥር ደግሞ አግድም ተቆርጦ የሰደፉ ጀርባ ይወጣል። የወጣው እንጨት ራሱ ማሳረፊያ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀለሙም ሥሩም ከሰደፉ ጋር ይስማማል። መጋዙ እጅ ወደሚጨብጠው ቀጭን ቦታ መድረስ የለበትም፤ ሰደፍ የሚሰበረው በዚያ ነውና።

4ኛ) ሁለት የብረት ዘንጎች በማሳረፊያው ውስጥ በጠንካራ ማጣበቂያ ይተከላሉ፤ ከላይ የቀሩት ቀዳዳዎች በእንጨት ይደፈናሉ። በሰደፉ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ለዘንጎቹ ጥቂት ሰፋ ማለት አለባቸው፤ እንጨት በክረምት እርጥበት ስለሚያብጥ በበጋ ልክ የነበረው በሐምሌ ይጣበቃል።

5ኛ) ከሰደፉ ጎን ጥርስ ያለው የነሐስ ቀለበት ተቀብሮ በጣት የሚጠበቅ ብሎን ይገባበታል። ብሎኑ ዘንጉን ተጭኖ ማሳረፊያውን በፈለጉት ከፍታ ያቆመዋል። በዘንጉ ላይ በሞረድ ምልክት ቢደረግ፥ ብዙ ሰዎች በሚጠቀሙበት ጠመንጃ እያንዳንዱ ልኩን ቶሎ ያገኛል።

6ኛ) በመጨረሻ የተቆረጠው ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ የቀዳዳዎቹም ውስጥ ሳይቀር የተልባ ዘይት ይቀባል።

መ) ማሳሰቢያ

የተቆረጠ እንጨት ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ መጋዝ ከማንሣት በፊት በካርቶንና በቆዳ ብዙ ቀን መሞከር ብልኅነት ነው። አሠራሩን ለአጎቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና፥ «ያባቴን ጠመንጃ በመጋዝ? አይሆንም፥ ልጄ» አሉኝ። እኔም አልተከራከርኋቸውም። ቆዳ ደራርበን በጠፍር አሰርንላቸው። አንድ ንብር ሲጨመር ጨረቃዋ ቀጠነች፤ ሌላ ሲጨመር ጠፋች። አጎቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው በመነጽሩ ውስጥ ማዶውን ተመለከቱ፤ ከዚያም ጠመንጃውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ በወንዙ ማዶ ካለው ዋርካ ሥር የተቀመጡትን ፍየሎች አንድ በአንድ ቈጠሩልን።