ጨጓራዎን ያቆሰለው በርበሬ ነው?

«ጨጓራዬን አመመኝ» ሲባል መጀመሪያ የሚወቀሰው በርበሬ ነው። ቀይ ወጡ ቀርቶ አልጫ ይሠራል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ለምን?

ከአሠራሩ እንጀምር። ጨጓራ የዋጡትን ምግብ ለሰዓታት ይዞ ያሻል፤ ከአሲድ ጋር ያላውሳል። አሲዱ ሥጋ ያሟሟል። የጨጓራ ግድግዳም ሥጋ ነው። ታዲያ እንዴት ራሱን አይፈጭም? ግድግዳውን ንፍጥ መሰል ልባስ ስለሚሸፍነው ነው። ልባሱ ሲሳሳ አሲዱ ግድግዳውን ያገኘዋል። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ሲቆይ ያቆስላል።

ልባሱን ምን ያሳሳዋል? አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ማለት ነው። በዙሪያው ያለውን አሲድ እያዳከመ ልባሱ ውስጥ ይኖራል። ቁስሉ ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል በሚባልበት ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣ፤ ጨጓራውም ተቆጣ። ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪን። እነዚህ ልባሱ እንዲመረት የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር ይገታሉ። ዳይክሎፌናክን በመርፌ ቢወስዱትም ጉዳቱ አይቀርም።

በርበሬስ? የተቆጣ ጨጓራን ሊያቃጥል ይችላል፤ ቁስሉን ግን አያመጣውም። ካልረበሸዎት ወጥዎን ይብሉ።

እንዴት ልመርመር? ባክቴሪያው በሰገራ ምርመራ ይታያል። በካሜራ ቱቦ ጨጓራን ከሚያየው ኢንዶስኮፒ ዋጋው በብዙ ይቀንሳል። የደም ምርመራው ግን ከዳኑ በኋላም «አለ» ሊል ይችላል። አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ፣ ሐኪም አማክረው ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ያቁሙ። አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባሉ ይችላሉ።

ሕክምናው ሦስት ወይም አራት ዓይነት መድኃኒት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን። አፍ ይመራል፤ ሆድ ይረብሻል። ሕመሙ ሲቀልላቸው መሐል ላይ የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። እባክዎ አያቋርጡ። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ ሁለተኛው ዙር ሌላ ወጪ ነው፤ የማዳን ዕድሉም ይቀንሳል። ከጨረሱ ከ4 ሳምንት በኋላ ሰገራዎን እንደገና ያስመርምሩ።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።