አርባው እስኪሞላ

ስልኩ የጠራው እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የደወሉት አያትየው ናቸው። «አባታችን፣ ይፍቱኝ» አሉና ጥቂት ዝም ብለው «አርባው ሊሞላ ሃያ አንድ ቀን ሲቀረው ሄደብን» አሉ። ሕፃኑ በምድር ላይ ከቆየባቸው 19 ቀናት የመጨረሻዎቹን 11 ያሳለፈው ሆስፒታል፣ ሙቀት ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ አያትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የደወሉበትን ጉዳይ ተናገሩ። በሃይላንድ ጠበል ይዘው ገብተው፣ ጥጥ ነክረው፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ግንባሩን ሦስት ጊዜ አርሰውለታል። «ይቆጠርለት ይሆን?»

ይህን ማስታወሻ የሚጽፈው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ የሚያገለግል ካህን ነው። ለአያትየው የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ እንዳጽናናቸውም እርግጠኛ አይደለም። እስከ ዛሬ የሚከነክነው ግን መልሱ አይደለም። ከዚያ ጥሪ ሰባት ቀን አስቀድሞ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ የሕፃኑ አባት መስቀል ተሳልሞ ነበር። «ልጁስ እንዴት ነው?» ሲባል «ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል፤ አርባው እስኪሞላ እግዚአብሔር ይምረዋል» አለ። ካህኑም «ይማርልን» ብሎ መስቀሉን ለቀጣዩ ሰው ዘረጋ። ምን ያህል እንደታመመ አልጠየቀም።

«አርባው እስኪሞላ።» ይህ ቃል በየቤቱ አለ፤ ጸሐፊውም መስማት ሰልችቶታል።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ ለኦርቶዶክሳዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የተረሳው ቀኑ ለምን እንደተሠራ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ በምዕራፍ 3 አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት መግባታቸውን ይተርካል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ደግሞ የወለደች እናት ወደ መቅደስ የምትመለስበትን ቀን በዚሁ ልክ ይቆጥራል። ስለዚህ አርባና ሰማንያ የመግቢያ ቀን ነው፤ አዳም ያጣትን ገነት ልጁ በጥምቀት የሚያገኝበት ቀጠሮ። ቀጠሮው የተያዘው በደህና ላለ፣ እስከዚያ ይኖራል ተብሎ ለሚጠበቅ ሕፃን ነው። ለሞት በሚያሰጋ ሕመም የተያዘ ሕፃን ግን ቀኑ ሳይጠበቅለት እንዲጠመቅ ያው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይፈቅዳል። ካህን ይጠራል፣ ውኃ ይባረካል፣ ሕፃኑ ይጠመቃል። እናቲቱ ገና አራስ ስለሆነች ነገሩ አይቆምም፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ይይዙታል።

ይህን ሲነግራቸው ብዙ ወላጆች ይደነግጣሉ። «ታዲያ አርባውስ?» ይላሉ፤ ቀኑ ራሱ የሚያድን ይመስል። አንዳንዶች ከዚህም ይብሳሉ፦ ልጁን ቶሎ ማስጠመቅ ሞቱን መቀበል ነው፣ ካህን ሆስፒታል ከገባ ተስፋ ተቆርጧል ማለት ነው ብለው ያስባሉ። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ የሚቀበለው ፊት ይታወቀዋል። በሩ ይከፈታል፣ ወንበር ይቀርባል፣ ሁሉም ግን ወደ መሬት ያያል። ቀድመው ተጠምቀው ድነው ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምሩ ልጆች እንዳሉ ቢነግራቸውም ቶሎ አያምኑም።

የሚያበሳጨው ይኸው አርባ ቀን በሌላ ቤት ሲለጠጥ ማየት ነው። ልጁ ታሞ ሲያጣጥር አርባው ብረት ይሆናል፤ ድግሱ ሳይደርስ ሲቀር፣ አጎትየው ከአሜሪካ እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ አዳራሽ ሲጠፋ ግን ያው አርባ ወደ መቶ፣ ወደ ዓመትም ይሳባል። ጤነኛው ልጅ ድግስ ይጠበቅለታል፣ የታመመው ቀን ይጠበቅበታል። ሁለቱም ቤቶች ሥርዓቱን ያከበሩ ይመስላቸዋል።

ቁጥሩ ደግሞ አያባብልም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 48ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህ ውስጥ 29ኙ የመጀመሪያውን ወር እንደማያልፉ አሳየ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የመጀመሪያው ወር ሞት 33 ነበር። ሐኪሞች የጨቅላነት ዘመን የሚሉት እስከ 28 ቀን ያለውን ነው። 28 ደግሞ ከ40 ያንሳል። ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሄዱት ቤተሰቡ «ገና ነው» በሚልባቸው ቀናት ውስጥ ነው። ለሴቶቹማ የሚጠበቀው ቀን እጥፍ ነው። ቀኑን እንደ ግንብ የያዘ ቤተሰብ ልጁን ያለ ጥምቀት ለመቅበር ራሱን እያዘጋጀ መሆኑን አያውቅም።

ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ253 አካባቢ ፊዶስ የተባለ የአፍሪካ ጳጳስ ሕፃን እንደ ግዝረቱ ሥርዓት ስምንት ቀን ሳይሞላው መጠመቅ የለበትም ብሎ ጻፈ። የቅርጣግናው ቆጵርያኖስ ከ66 ጳጳሳት ጋር ተሰብስቦ መለሰለት፤ አንድም ጳጳስ ከፊዶስ ጋር አልተስማማም። የእግዚአብሔር ጸጋ ከተወለደ ጀምሮ ለሰው ሁሉ የተገባ ስለሆነ ማንም በቀን ብዛት አይከልከል አሉ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ደግሞ በቁስጥንጥንያ፣ ከጥምቀት በዓል ማግስት በሰጠው ትምህርት፣ ጤነኛ ልጅ ሦስት ዓመት ያህል ቢቆይ እንደሚመርጥ ገልጿል። አደጋ ካለ ግን አሁኑኑ ይጠመቅ ብሏል። ቀጠሮው በየዘመኑና በየአገሩ ተለዋውጧል፤ የታመመውን አታቆዩት የሚለው ግን አልተለወጠም።

ወደ ጠበሉ እንመለስ። በአማርኛ አንድ ግስ ሦስት ሥራ ይሠራል። እንጦጦ ማርያም ሄዶ ጠበል የገባ «ተጠመቅሁ» ይላል። ጥር 11 ቀን ውኃ የተረጨበትም «ተጠመቅሁ» ይላል። በልጅነቱ ክርስትና የተነሣም ተጠመቀ ይባላል። የመጨረሻው ብቻ ልጅነት የሚገኝበት፣ በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ምሥጢር ነው። በዓሉ መታሰቢያና በረከት ነው፣ ጠበሉ ፈውስ ነው፣ ሃይማኖቱን ለውጦ ለሚመለስ የሚደረገው የቄደር ጥምቀትም የንስሐ እንጂ የልጅነት አይደለም። ግራ መጋባቱ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ፊት የጥምቀትን በዓል አይቶ በየዓመቱ ዳግም የሚጠመቁ መስሎት ተከራክሯል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ ሲል፣ አገር ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ፤ ዙፋኑንም ለፋሲለደስ ለቀቀ። አንዲት ጥምቀት የሚለውን ቃል ለማስጠበቅ ደም የፈሰሰባት አገር ናት።

ስለዚህ ጥጥ የተነከረበት ጠበል በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጥምቀት አይደለም። ምሥጢሩን የሚፈጽመው ካህን ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በጭንቅ ጊዜ ካህን ከሌለ ማንም ሰው፣ ነርስም ብትሆን፣ ውኃ አፍስሶ በሥላሴ ስም ማጥመቅ ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለም። በዚህ ምክንያት በእኛ ቤት የካህኑ ስልክ በጊዜ መጥራቱ የበለጠ ያስፈልጋል። አያትየው ያደረጉት ማድረግ የሚችሉትን ነበር። እሳቸው ከሙቀት ክፍሉ በር ላይ ጥጥና ጠበል ይዘው ሲቆሙ፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው በታክሲ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ነበር።

እንግዲህ ጥምቀት ለድኅነት የግድ ነው? በኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ አራት መልስ አለ። የሙሉ ወንጌሏ ጎረቤት ሕፃን በደል ስለሌለበት ጥምቀቱ አምኖ ለሚመሰክር ነው ትላለች፤ የቃለ ሕይወቱም ይስማማል። የመካነ ኢየሱሱ ሕፃን ያስጠምቃል። የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያኑ በኢየሱስ ስም በውኃ ካልተጠመቅህ አልዳንክም ይላል፤ በግዴታው ጥብቀት ከሁሉም ይበልጣል። ሁሉም በአንድ ዕድር አብረው ያለቅሳሉ፤ ይህ የሰፈሩ ደግነት ነው።

ኦርቶዶክሳዊው መልስ «አዎ» ነው፤ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ጌታ ለኒቆዲሞስ የነገረው ግልጽ ነው። ለዚህ ሁልጊዜ የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ የክፍለ ከተማው ስም ራሱ ነው። ቀራንዮ! እዚያ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ሳይጠመቅ ገነት ገብቶ የለም ወይ? ገብቷል። ጸሐፊው ይህን ለሚጠይቁት ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነው፤ ወንበዴው እጅና እግሩ ተቸንክሮ ነበር። ወደ ውኃ ሊሄድ አይችልም ነበር። እሱን ያዳነው ጌታ ምሥጢሩን ሠራ እንጂ በምሥጢሩ አልታሰረም። በሄሮድስ ሰይፍ የታረዱት፣ ጥር 3 ቀን የምናስባቸው የቤተ ልሔም ሕፃናትም በውኃ አልተጠመቁም፤ በደማቸው ግን ሰማዕታት ተብለዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 መንፈስ ቅዱስ በቆርኔሌዎስ ቤት ከውኃው ቀድሞ ወረደ፤ ጴጥሮስ ግን መንፈስ ከወረደ ውኃው ይቅር አላለም፣ ውኃውን ማን ይከለክላል ብሎ አስጠመቃቸው። እግዚአብሔር ያለ ውኃ ማዳን ይችላል። እግሩ ያልተቸነከረ ሰው ግን በወንበዴው ምክንያት ሊቀመጥ አይገባውም።

ይህ ሁሉ በሕይወት ላለ ልጅ ነው። ለሞተው ምን ይባላል? እዚህ ላይ ጸሐፊው ከአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቹ ጋር አይስማማም። ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን ፍትሐት አይደረግም፤ ይህ ሥርዓት ነው፣ ይጠበቃል። ከዚያ አልፎ ለእናቲቱ «ልጅሽ ጨለማ ውስጥ ነው» ማለት ግን ሥርዓት አይደለም፤ ያልተሰጠንን ወንበር መያዝ ነው። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ራሱ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ክብር ባያገኙ እንኳ አይቀጡም ብሎ አስተምሯል። የካቶሊክ የነገረ መለኮት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ለእነዚህ ሕፃናት ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት እንዳለ ገልጿል። ጡቷ ገና ወተት የሚያፈስ እናት ፊት የፍርድ ቃል የሚናገር ካህን ስለ ምሥጢረ ጥምቀት ያለውን ዕውቀት አላሳየም።

ጸሐፊው በሦስተኛው ቀን አያትየው ቤት ሄደ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ቡና ታፈላለች። ሃይላንዱ ከመስኮቱ ደረት ላይ ነበር፣ ግማሹ ጠበል። «እማማ፣ ጠበሉ ጥምቀት አይሆንም» አላቸው፤ መዋሸት አልፈለገም። «ልጁን ግን የወሰደው ጥጡን ሲነክሩ ያየዎት ጌታ ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ አባትየውን መጠየቅ ነበረብኝ።» አያትየው ጥቂት አሰቡና «ቀድሞ እንደሚቻል ማን ነገረን?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት ሁሉ ሳይጠየቅ ይነግራል። እናንተም ለምታውቁት ንገሩ። ሕፃኑ ሆስፒታል በገባ በመጀመሪያው ቀን ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ፤ እስኪከፋ አትጠብቁ። ክርስትና አባት ወይም እናት የሚሆነውን ሰው ያኔውኑ ምረጡ፤ ማዕተቡን ይዞ ይምጣ። ለክፍሉ ነርስ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ኦክስጅን የተደረገለትን ልጅ መቼ መንካት እንደሚቻል የምታውቀው እሷ ናት። በውኃ ውስጥ ማጥለቅ ካልተቻለ በራስ ላይ ማፍሰስ እንደሚበቃ ከሐዋርያት ዘመን ብዙ ያልራቀው ዲዳኬ የተባለው መጽሐፍም ይመሰክራል፤ ስለዚህ «ቱቦ አለበት» ብላችሁ አትተዉት። ካህኑ «አርባው ይሙላ» ካላችሁ ሌላ ካህን ጥሩ።